የአውራ ጣቴ የሕመም ፈቃድ

ከወደቡ በላይ፣ ቫልፓራይሶ ላይ፣
መርከብ እንደ ጫማ ከታች ቆሞ ሲታይ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ይኸው ተቀምጬ
የገመዱን ባቡር ፍሬኑን ጨብጬ፤
ሁለት የእንጨት ሳጥን፣ አንድ የብረት ገመድ፣
አንዱ ሽቅብ ሲመጣ ሌላው ቁልቁል ሲሄድ፤
ሲደወል እለቃለሁ፣ ሲደወል እይዛለሁ።
ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሥራው አልከበደኝም።
በደወልና በደወል መካከል ያለው ነው
የበላኝ።

መጀመሪያ ሰዓት ለማየት ነበር ስልኩን የማወጣው፤
ቀጥሎ የእህቴን ልጅ ሠርግ፣
ቀጥሎ የማላውቀውን ሰው ሠርግ፣
የማላውቀውን ሰው ፍቺ፣
ከዚያ አንድ ጎረምሳ ውሻውን ሲያጥብ፣
ከዚያ "ውሻ እንዲህ አይታጠብም" የሚሉ ሺህ ሰዎች ሲሰዳደቡ።
እኔም ሰደብኩ።
ውሻ እንኳ የለኝም።

አውራ ጣቴ ሽቅብ ቁልቁል፣ ሽቅብ ቁልቁል፣
እንደ ባቡሩ፤ ግን ማንንም ቤቱ አላደረሰም።

በሰኔ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣
አንድ ጠዋት እጀታውን ልጨብጥ ስል
ከጣቴ ሥር እስከ ክርኔ እሳት ሮጠ።
ዶክተር ማርዶኔስ ወጣት ናት፤ ዐይኗ ሥር ጠቁሯል።
እጄን ገልበጥ አድርጋ፣
"ሹራብ ትሠሪያለሽ፣ ኤርሲሊያ?"
"አልሠራም።"
"ሕፃን ታዝያለሽ?"
"የማዝለው የለኝም።"
ዝም አለች። የራሷ ስልክ ከጋውኗ ኪስ ነዘረ፤
ሁለታችንም ኪሷን አየን።
"ሦስት ሳምንት" አለችና
ጣቴን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለችው።

የመጀመሪያዋን ሌሊት በግራ እጄ ሞከርኩ፤
በሁለተኛዋ በትንሿ ጣቴ፤
በሦስተኛዋ፣ ምን ልዋሽ፣ በአፍንጫዬ ጫፍ።
መስታወቱ ላይ የአፍንጫዬ ወዝ ታትሞ ሳየው
ብቻዬን ሳቅሁ፤
ሳቁ ሲያልቅ ክፍሉ ባዶ ነበር።

ማክሰኞ የገመዱ ቀን ነው፤ ባቡሩ አይሠራም።
ዶን ባውዲሊዮ ቅባት የጠጣ ጓንቱን አጥልቆ
ገመዱን ያላላዋል፣ በመዳፉ ይዳስሰዋል።
"ሥራ አይደለም የሚበጥሰው" ይላል፣ "አለመላላት ነው።
ተወጥሮ ያደረ ገመድ ጸጉር ያበቅላል።"
ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤
ስለ ገመድ የሚያወራ ነበር የሚመስለኝ።
ምናልባትም ስለ ገመድ ብቻ ነው።

መሰልቸት እንደ ሩቅ ዘመድ ሳይጠራ መጣ፤
ሻንጣውን አስቀምጦ ወንበሬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።
ፈራሁት። በየት በኩል እንደማባርረው አሰብኩ።
በአራተኛው ቀን ከኋላው እንቅልፍ ቆሞ አየሁ፤
ለካ አብረው ነበር የመጡት።

በሁለት ደወል መካከል ለካ ብዙ ቦታ አለ፤
ጭጋጉ ከባሕር ተነሥቶ ደጄ ላይ ዋለ፤
የባሕር አንበሶች ለአንድ ድንጋይ ይጣላሉ፤
ክሬኖቹ አንገት ለአንገት ሊያወሩ የቆሙ ይመስላሉ፤
ትንሿ አይሊን ከትምህርት ቤት ስትመለስ
ደረጃውን ትቆጥራለች እላይ እስክትደርስ፤
መቶ አርባ ላይ ሁልጊዜ ይጠፋባታል፤
"ወይኔ!" ትላለች፤ ከአንድ መጀመር ይሻላታል።

ጣቴ ተፈታ። ስልኩን ባሕር አልጣልኩትም፤
ከምሳ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ።
አንዳንዴ አምስት።
ባለፈው ማክሰኞ ግን ቤት ረስቼው ወጣሁ፤
ደረጃውን ግማሽ ወርጄ ኪሴን ዳበስኩ፤ የለም።
ልቤ ከእኔ ቀድሞ ሽቅብ ሮጠ።
ልመለስ? ባቡሩ ቆሟል፤ ገመዱ ላልቷል፤
በእግር ነው፤ ጉልበቴም የሃምሳ ስምንት ዓመት ነው።

እንዲህ ቆሜ ሳለሁ አይሊን ከታች ደረሰች፤
ቦርሳዋ ከእሷ ይገዝፋል፤
"መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ መቶ አርባ..."
ቆመች። አየችኝ።
"ቀጥሎ ስንት ነው?"

"ቆይ" አልኳት፤ "መጀመሪያ ተቀመጪ።"
እርጥብ ደረጃ ላይ፣ ጎን ለጎን፣
ተቀመጥን።