ማሳ ያጣ ሽቦ

«አንዲት አምፖል ናት» አሉኝ ጋሽ ሸዋንግዛው፣
ቁልፉን ከመዳፌ ሲያኖሩ፤
«አንዲት ቀይ፣ የዘይት መብራት፤
ብቻ ደብዛዋ የለም፣ ከነሽቦዋ ከነሥሩ።»

ደብረ ሲና ነው፣ ጧት ነው፤ ጉሙ ከጣርማ በር
ቁልቁል እየወረደ ጋራዤን ይዳብስ ነበር።
ቆሎ ሻጮቹ ሴቶች ከደሴው አውቶብስ ጋር
ይሮጣሉ ባስፋልቱ ዳር፤
እኔ ከሚሌቼንቶዋ ሆድ በጀርባዬ ተኝቼ፣
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣ ክሩስኮቱን ፈትቼ።

ያረጀ መኪና ሆዱ እንዳረጀ ቤት ነው፤
ማን ምን እንደቀጠለ፣ ማን ምን እንደሰወረው!
አንዱ ለሬዲዮ የሳበው፣ አንዱ ለጡሩምባ፣
አንዱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ወዲያ የገባ፤
ቀዩ ቡኒ ሆኗል፣ ሰማያዊው ግራጫ፣
ሁሉም አቧራ መስሏል፣ የለውም መምረጫ።

ወረቀት አነሣሁ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ቁራጭ፤
መንገዱን በእርሳስ ሣልኩት፣ ከቁልፉ ወደ ፊውዝ፣ ከፊውዝ ወደ ውጭ፤
«እዚህ ድረስ እሳት አለ» ምልክት አደረግኩ፣
«ከዚህ ወዲያ ግን…» ብዬ ጥያቄ አስቀመጥኩ።

ረዳቴ ድንበሩ ከሞተሩ ጎን ቆሞ
የዘይቱን ሽቦ ጫፍ ከብረት ያስነካል ደጋግሞ።
«በራ?»
        «አልበራም።»
«አሁንስ?»
        «ጨለማ።»
«ማሳ ስጠው እንጂ!»
        «ብሰጠው፣ ጋሼ፣ ማን ይስማ!»

ማሳ በኛ ሙያ የሞተሩ ብረት ነው፣
እሳት ዞሮ ዞሮ የሚመለስበት፤
በአባቴ ቋንቋ ደግሞ ከመዘዞ በላይ ያለ፣
ገብስ የሚበቅልበት።
ሰባት ወንድሞች ነንና ለኔ አልደረሰኝ፤
ለዚህ ይሆን ማሳ ያጣ ሽቦ ሳይ ሆዴን የሚበላኝ?

ጋሽ ሸዋንግዛው ከጎን ወንበር ላይ አሉ፣
ባርኔጣቸው ከጉልበታቸው፤ ዝም ብለው እጄን ያያሉ።
የሠላሳ ዓመት ሾፌር፣ ቁልቁለቱን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያውቁ፣
ሽቦው የት እንደገባ እንዴት አንዴም አልጠየቁ?

ምሳ ሰዓት አለፈ። ጉሙ ወጣ፣ ተመለሰ።
ጣቴ ከመሪው ግንድ ጀርባ ለስላሳ ነገር ዳሰሰ።
ናስትሮ አይደለም። ናስትሮ እንዲህ አይለሰልስም፤
ሲያረጅ ሙጫ ያለቅሳል፤ ይህ ግን አያለቅስም።
ስቤ አወጣሁት፤
የቁስል ፕላስተር ነው፣ የገላ መልክ ያለው፣
ሦስት ዙር የተጠመጠመ፣ ጫፉ በመቀስ የተስተካከለው።
ከሥሩ ሽቦው፤ የምላጭ ሥራ፣ ንጹሕ አቆራረጥ፤
እኛ መካኒኮች እንበጥሳለን እንጂ መች እናውቃለን መቁረጥ!

«ማን ነው ያሰረው?»
        ባርኔጣቸውን አዟዟሩ።
«በለጥሻቸው። ድሬሰር ነበረች። ከአርማንያ ከጀውሃ
ምጥ የያዛትን በሌሊት ስናወጣ ከበረሃ፣
ሞተሩ ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፣ ዳገቱ ላይ ትበራለች ያቺ ቀይ፤
ከኋላ የተኛችው ደግሞ እሷን ብቻ የምታይ።
አንዷ ‹ደሜ ነው የሚበራው!› ብላ ጮኸች፤
በማግስቱ በለጤ ምላጭና ፕላስተር ይዛ መጣች።»

«ታዲያ ጧት ቢነግሩኝ…»
        «ብነግርህማ ቶሎ ትቀደዋለህ።
እኔ መብራት መች አማረኝ፤ ሰው ዳብሶ እንዲያገኘው ነው እንጅ
በዚህ ጨለማ ውስጥ የቀረውን የሷን እጅ።»

አልቀደድኩትም። ዙሩን ተከትዬ በቀስታ ፈታሁት፤
ሦስት ዙር፣ ወደ ግራ። ከመዳፋቸው አኖርኩት።
በመንጃ ፈቃዳቸው ገጾች መሐል ከተቱት።

የቀረው ቀላል ነበር፤ ሁለት ጫፍ፣ ትንሽ ስታኞ፣ አዲስ አምፖል።
ድንበሩ ቁልፉን አዞረ፤
የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ በራች።
ሞተሩ ተነሣ፣ ዘይቱ ወጣ፣ ጠፋች።
እንዲህ ነው ሥርዓቷ፤ አስቀድማ «አለሁ» ትላለች፣
ሥራው ሲቃና ዝም ትላለች።
ከጅምሩ ያልበራችው ናት የምታስፈራ።
«እንደገና» አሉኝ። «አጥፋው። እንደገና አብራ።»

አራት ጊዜ ይሆናል።

«ስንት ነው?» ሲሉኝ፣ «አንዲት አምፖል ናት» አልኩ።
ጉሙ ውስጥ ገቡ። ከኋላ የግራው መብራት
አይሠራም ነበር፤ አየሁት፤
አልጠራኋቸውም።