የግድግዳው ጸጉር

ፓጁ ከተማ ዳር፣ ከመጋዘን ውስጥ፣
ታኅሣሥ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ብርዱ አጥንት የሚግጥ፤
እኔ መሰላል ላይ፣ ብሩሼን ጨብጬ
ሮዝ እቀባለሁ፣ ሰባቴ በጥብጬ።

ዳይሬክተሩ ልጅ ነው፣ ሠላሳ ያልሞላው፣
እጁን ካፖርት ከቶ ቀለሜን ሲያጣራው፦
«ይሄኛው አበባ፣ ይሄ ከረሜላ፣
ያኛው የሕፃን ድድ፤ ይበጥብጡ ሌላ።»
«ምን ዓይነት ሮዝ?» አልኩት።
አሰበ፣ አሰበ።
«እማማ ማል-ሱን» አለኝ፣
«አውራ ጣት የሚያቆም።»

አውራ ጣትስ አውቃለሁ።
የልጄ ልጅ ዳሶም ዴጉ ተቀምጣ
ዓለሙን ባንድ ጣት ወደ ላይ ትገፋለች፤
ተራራ ቢመጣ፣ ጦርነት ቢመጣ፣
የኔም ፊት ቢመጣ
ሽው ታደርጋለች።
ያን ጣት ለማስቆም ነው
በስልሳ አንድ ዓመቴ መሰላል የምወጣ።

ግድግዳው ሲያልቅ
ፊቱ ሰርግ ቤት ነው፣ ጀርባው ለቅሶ ቤት፣
ጣውላና ምስማር፣ ጆንያ ያለበት።
አምስት ልጆች መጡ፣ ልብሳቸው ብልጭልጭ፣
ያንዱ ጸጉር ሎሚ፣ ያንዱ ብር፣ ቁልጭ፤
ካሜራው ሲነቃ ሳቃቸው ይነቃል፣
ካሜራው ሲወድቅ ሳቃቸው ይወድቃል።
ዓይን፣ ቁረጥ! ጫማ፣ ቁረጥ! ከንፈር፣ ርችት፣ ዓይን፤
«ሁለት ሰከንድ ካየ ልጅ ይሰለቻል» አሉ።
ከሦስት ሌሊት ሥራዬ
አራት ሰከንድ ተረፈኝ፣ ትርፍ ካሉት።

ባለ ብር ጸጉሩን ከግድግዳው ጀርባ፣
ከለቅሶው በኩል አገኘሁት፤
ራሱን በሁለት እጁ ይዟል።
«ይለበልባል» አለኝ፣ «ቀለሙ።»
ከፔርሙሴ የገብስ ውሃ ቀዳሁለት።
ጠጣ። ተጠራ። ሄደ፣ ስቆ።

ቪዲዮው በወጣ በሁለተኛው ቀን
ዳሶም ደወለች፤ ዓመት ሙሉ ያልደወለችው።
«አያቴ! ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ ላይ
ሮዙ ግድግዳ ላይ ጸጉር አለ፣ አላየሽም ወይ?
አንዱ ‹ስንጥቅ ነው› ይላል፣ ‹ሊበተኑ ነው›፣
አንዷ ‹የፍቅረኛው ነው፣
ባለፈው ቪዲዮ ማበጠሪያ አልነበር? ያ ምን ሊሆን ነው?›
አስቁሜ አየሁት፣ አጉልቼ አየሁት፣
ሃያ ጊዜ አየሁት!»

እኔ ዝም።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ፣
ያረጀው ብሩሼ አንዲት ጸጉር ጥሎ አለፈኝ፤
ሰሙ ይኸው ነበር፣ ወርቅ የሚባል የለው፣
ልጆቹ ግን ወርቁን አወጡ ቆፍረው።
ልነግራት አፌን ከፈትኩ።
«አንቺስ» አለችኝ፣ «ምን ማለቱ ይመስልሻል?»
ይህች ልጅ
እኔን ጠይቃኝ አታውቅም።
ጣቷ ቆሟል፤ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል መቆሙ።
«እንጃ» አልኩ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ።»
አርባ ደቂቃ አወራን።

በመጋቢት ዳይሬክተሩ ጠራኝ።
አዲስ ግድግዳ፣ ዘንድሮ ሰማያዊ።
«እማማ፣ ያ ጸጉር» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አርጎ፣
«ይደገም። አሁን ግን ታስቦበት።»
ብሩሹ አዲስ ነው፣ ጸጉሩ አልረግፍ አለ፤
ብጎትተው እንቢ፣ ባሸው እንቢ አለ።
ሻሼን ፈታሁና ከራሴ ነቀልኩ፣
በወረንጦ ይዤ ሰማያዊው ላይ ለጠፍኩ።

ካሜራው ተጠጋ።
ልጁ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ፣ አንገቱን አቀና፦
«ሽበት ነው እኮ ይሄ» አለ፣
«ሽበት አይታይም፤
ይነሳና ቀለም ይቀባ።»