ያለ ሪታች

አባቴ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ፒያሳ፣ ከኬክ ቤቱ ፊት ለፊት፣
«ወሰንየለህ ፎቶ ቤት» የሚል፣ ሰማያዊ ሰሌዳ ያለበት።
መጋረጃው ላይ ሐይቅ ተስሏል፣ ሐይቁ ላይ ዝይ፣ ከዝይዋ ማዶ ተራራ፣
ሙሽራም ወታደርም ተመራቂም፣ ሁሉም እዚያው ሐይቅ ዳር በየተራ።
«አገጭ ቀና! ትከሻ ዝቅ! ዓይን እንዳይርገበገብ!»
ይላል ጣቱን አንስቶ፣ የሰው ትንፋሽ ሲሰበሰብ።

ፍላሹ ብልጭ ሲል አንዳንዴ፣ ዓይን ቀልቶ ይወጣ ነበር፣
በደህና ሰው ፊት ሁለት ፍም፣ እንደ ድመት በሌሊት ሰፈር።
አባቴ ቀጭን ብሩሽ ይዞ፣ የምላሱን ጫፍ ነክሶ፣
ያን ቅላት በጥቁር ይደፍናል፣ ነጥብ በነጥብ ደርሶ።
«ደንበኛ የቀላ ዓይን ይዞ አይሄድም» ይለኝ ነበር፤
«ቀይ ካየሽ ሸፍኚ፤ ሙያ ማለት ምስጢር መቅበር።»

እኔም ፎቶ አንሺ ሆንኩ፤
ግን ፊት አላነሳም።
ከጥቁር አንበሳ በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ መጋረጃው የማይገለጥ ክፍል ውስጥ፣
የዓይንን ጓዳ ነው የማነሳው፣ ብሌን ተሻግሬ፣ ከውስጥም ውስጥ።
ጠብታ አድርጌ፣ ሃያ ደቂቃ ጠብቄ፣ ብሌኑ እንደ በር ሲከፈት፣
አባቴ ሲደፍነው የኖረውን ያን ቅላት
እፈልገዋለሁ።
ለካ ያ ቀይ ሬቲናው ነበር፤
ብርሃን ሄዶ ሄዶ የዓይንን ወለል ነክቶ ሲመለስ።
እሱ ሸፍኖ በላ፤ እኔ ገልጬ።

ስኳር ካለበት አሥራ አንድ ዓመቱ።
«ዓይኔ ምን ሆነ ብለሽ? መርፌ ላይ ክር እሰካለሁ፣
የአውቶቡስ ቁጥር ከማዶ አነባለሁ» ይላል፣
ሚልፎሊውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ከትቶ በካፖርቱ ኪስ፣
ፍርፋሪው ጢሙ ላይ ቀርቶ፣ የማለውን ጌታ ሲከስ።

ፎቶ ቤቱ ፈርሶ፣ ሰሌዳውን አልጋ ሥር ከከተተ በኋላ፣
አንድ የጥቅምት ማክሰኞ፣ ሳልጠራው፣ ቁጥር ይዞ ተሰልፎ አገኘሁት።
«ስንዱ፣ ካሜራሽን ልየው ብዬ ነው» አለኝ።
ካሜራውን ሊያይ!

አገጩን ማሳረፊያው ላይ አኖረ። ግንባሩን አስጠጋ።
«አገጭ ቀና» አልኩ። «ትከሻ ዝቅ። ዓይን እንዳይርገበገብ፣ አባ።»
ሳቀ። ሲስቅ ምስሉ ተበላሸ። ደግሜ አነሳሁ።

ስክሪኑ ላይ ወጣ፤
እንደ በሰለ ፓፓያ የቀላ ክብ፣
ደም ሥሮቹ ከአንድ ምንጭ ተነስተው፣ እንደ ቀጨኔ እንደ ቀበና፣
ሲወርዱ ሲከፈሉ፣ ሲቀጥኑ እንደገና።
እዚህ ነጥብ። እዚያም።
አራት፣ አምስት፣ በቀይ እስክሪብቶ ጫፍ የተነካኩ፣
አንዲት ደግሞ ቢጫ፣ እንደ ሰም ጠብታ።

ባለሙያ ነውና ቀድሞኝ አየ።
«ሌንሱ አቧራ አለበት።»
ጠረግሁ። አነሳሁ። ነጥቦቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም።
ዝም ብሎ ቆየ፤ ኋላ ቀስ ብሎ፣ ሥራ በሚጠይቅ ሰው ድምፅ፦
«ሪታች አይሆንም?»

«አይሆንም፣ አባ።»

ነገርኩት፦ ገና ነው፤ እይታህን አልነካውም፤
የደም ሥሩ ግድግዳ ግን ሳስቷል።
ስኳርህ ይውረድ፣ ግፊትህ ይለካ፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ትነሳለህ።
ዓይን እንደ ጥርስ አይጮህም፤ የጮኸ ዕለት መሽቷል።

ቀጠሮ ካርዱን አገላብጦ አየ።
ሱቁ ሲፈርስ ያልጣለው አንድ ካርቶን አለው፣
«ሐሙስ ይምጡ» ተብለው ሐሙስ ያልመጡ ሰዎች የታጨቁበት።
እኔም አለኝ እንዲያ ያለ ካርቶን፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ፤
ነጥብ ተገኝቶባቸው የቀሩ ዓይኖች።
«ሐሙስ እመጣለሁ» አለኝ።
«ሐሙስ አይደለም፤ ሚያዝያ ነው።»
«ሚያዝያም ሐሙስ አለው።»

ስንወጣ ብሌኑ ገና እንደተከፈተ ነበር።
ቸርችል ጎዳና ነጭ፣ ታክሲው ነጭ፣ ከላይ ማዘጋጃ ቤቱ ነጭ፤
«ኦቨር ሆነ» አለ በመዳፉ ጋርዶ፣ «ብርሃን በዛበት ከተማው።»
ክንዴን ያዘ። ሽቅብ ወጣን።
ኬክ ቤቱ ጋ ስንደርስ እግሩ ልማዱን አውቆ ዘገየ።
መስታወቱ ውስጥ ሚልፎሊው ለእሱ የደበዘዘ ቢጫ ነው።
«ምን አለ እዚያ?» አለኝ፣ ሳያይ፣ ወይ እያየ።
«ምንም» አልኩት።
እኔም አንዳንዴ
ሪታች አደርጋለሁ።