አምስት ጥርስ

«አምስት ጥርስ ነው የሳብኩት፣
በጆሮዬ የቆጠርኩት።
አምስቴ ‹ቀጭ› ብሎ ዝም አለ።
ሌላው ሁሉ ከወረድኩ በኋላ ነው፤ ይናገር፣ ምስክር ካለ»
አሉን ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣
ከጋራዡ ደጃፍ ቆመው፣ እንደ ሰው ቤት እንግዳ።

ዘንድሮ ሦስተኛው ነው።
መጀመሪያ የዳቦ ቤቱን በርሜል ገጨ፤
ቀጥሎ የጎረቤት አጥር ላይ ከነአበባው ተጋደመ፤
አሁን ደግሞ ሴሮ ባሮን ምሳ በልቶ ባሸለበበት ሰዓት
ብቻውን ቁልቁል ወርዶ፣
እንደ ሰካራም ምሰሶ ተደግፎ አገኙት።

ልጃቸው ሬናቶ አለቃዬን ወደ ጎን ሳበው፣
«መኪናው ምንም አልሆነም» አለው፣ «እናቴን ነው የከበዳት፤
ሳትስበው ትወርዳለች፣ ‹ስቤያለሁ› ትላለች።
አይጠገንም በሏት።
ሽያጩን ለኔ ተዉት።»

ዶን ኤቫሪስቶ አልመለሰም፤ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤
ሱባሩውን በክሪክ ሰቅሎ፣ ጎማ ነቅሎ፣ በጣቱ ፈለገ።
ካቦው ደህና፤ አንድም ክሩ አልተበጠሰ።
ጥርሱ አልዶለዶመ፤ ዳዶው አልተላወሰ።
ሳብኩት፣ ያዘ። ለቀቅኩት።
ሃያ ጊዜ ሳብኩት፤ ሃያ ጊዜ ያዘ።
ሐኪም ፊት ሲቀርብ ድራሹ እንደሚጠፋ ሳል፣
በሽታው ደበዘዘ።

«ልጁ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም» አልኩ።
«የጠየቅነው ቀዝቃዛ መኪና ነው» አለኝ፣
«ቀዝቃዛ መኪና አይዋሽም፤ ግን ሁሉን አይናገርም።»
ይህ ሱባሩ የዱሮ ነው፤ ጠባዩም የብቻው፤
የእጅ ፍሬኑ እንደ ሌላው የኋላውን አይደለም፣
የፊቱን ዲስክ ነው የሚነክሰው፣
ቁልቁለት ሲወርዱ የሚግለውን፣ እዚያው።

በማግስቱ መሪውን ለባለቤቷ ሰጠ።
ወደቡ ድረስ ወረድን፣ ወጣን፣ ደግመን ወረድን፤
የጋለ ብረት ሽታ በመስኮት ሲገባ
ከላይኛው መንገድ መጥተን ደጃፋቸው ቆምን፣
አፍንጫው ወደ ባሕር።
አምስት። ሦስታችንም ቆጠርን። ሞተሩ ጠፋ።
አለቃዬ ከጎማው ፊት አንድ ክንድ አርቆ ታኮ ጣለ፤
እኔ ድንጋይ ደረብኩ፣ ነገሩ እንዳይከፋ።

ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጥን።
ሥራ ከተባለ፣ ሥራው ይኸው ነው፤ መቀመጥ።
ብረቱ ሲበርድ ይንጣጣል።
ውሻ መጣ፣ ጎማውን አሽትቶ ሄደ።
ሬናቶ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል።
«ሠላሳ አንድ ዓመት» አሉ ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ ለማንም ሳይሆን፣
«ዓሣ ገበያው ውስጥ ስመዝን፣
አንድ ሰው ‹ጎደለብኝ› ብሎ አልተመለሰም።»
አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት።
በሃያ ሁለተኛው፣
እጅ ሳይነካው፣
ጎማው አንድ ጣት ያህል ተንፏቀቀ። ቆመ።
ሐሳቡን የለወጠ መሰለን።
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሚተኛ ሰው፣
ታኮውን ተንተራሰ።

«ሲግል ያብጣል» አለኝ አለቃዬ በሹክሹክታ፣
«ያበጠውን ይይዛል። ሲበርድ ይከሳል፤
የግራው ክንድ ደግሞ ዝጎ ተጣብቋል፣
የከሳውን ብረት ተከትሎ አይሄድም፤ ይላላል።»

ዶኛ ኤርሜሊንዳ ልጃቸውን ዞር ብለው አላዩት፤
«አምስት» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩበት።
ሬናቶ ትርፉን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፣
ደረጃው ላይ፣ አጠገባቸው አኖረው፣ ሄደ።

እዚያው ክንዱን ፈታን፤ በሽቦ ብሩሽ ፋቅን፣ ግራሶ ቀባን።
«ማርሽ ውስጥ ይተዉት፤ ሲበርድም አንዴ ደግመው ይሳቡት» አልን።
እጄን ልታጠብ ስገባ ግን የሚያር ነገር ሸተተኝ።
ባቄላ ነው፤ ከጧት የተጣደ፣ ውኃው ያለቀ፣
ድስቱ ከሥር የጠቆረ።
ከኋላዬ አለቃዬ መጣ።
እሳቱን አጠፋ፣ መስኮቱን ከፈተ፣
ድስቱን ውኃ ሞልቶ ከገንዳው ሥር አኖረ።
በደጅ በኩል ሳቃቸው ይሰማል፤
ለጎረቤት «አምስት!» እያሉ፣ ጣታቸውን ዘርግተው።
ዓይን ለዓይን ተያየን።
የተጠራነው ለፍሬን ነው።