ልግመኛ

ኮልካታ፣ ቻንድኒ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዝናብ ሲደበድብ የቆርቆሮን ሰማይ፣
ሱታፓ መጣችኝ ላፕቶፗን ታቅፋ፤
«ትናንት ማታም ያው ነው፣ ድርግም ብሎ ጠፋ፤
ሰማያዊ ሆነ፣ ቀጥሎም ጠቆረ፣
ደብዳቤዬ ሳያልቅ ከመሀል ላይ ቀረ።»

ከፈትኩት። ነፍስ አለው። አንድ ሰዓት፣ ሁለት፣
ማራገቢያው ያዜማል፣ የለበትም ስሕተት።
ሐኪም ሲያይ የሚድን ልግመኛ በሽተኛ፣
ከሷ ቤት አልጋ ላይ፣ ከኔ ዘንድ ጤነኛ!
ራሙን ቀየርኩለት፣ ዲስኩን መረመርኩኝ፣
ሆዱን ገልጬ አይቼ አቧራ ጠረግኩኝ፤
ገንዘብ አልወሰድኩም፣ ምን ሠርቼ ልብላ?
ይኸው መጣች ደግሞ አንድ ሳምንት ሳይሞላ።

በአምስተኛው ጊዜ መፍቻዬን ሸክፌ
ሻምባዛር ደረስኩኝ ጎርፉን በእግር ቀዝፌ።
ስትጽፍ ቁጭ ብዬ፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ
የውሃ ፓምፕ አገሳ ከጣራው ከበላይ፤
አምፖሉ ፈዘዘ፣ ላፕቶፑም ዐረፈ፤
ለካስ ባትሪው ድሮ ቀድሞት ነው ያለፈ።
የኔ ሱቅ መብራት ግን አይዋዥቅም፣ አይወድቅም፤
አምስቴ ስትወጣ ይህን አልጠየቅኩም።

«ደብዳቤውስ ለማን?»
«ላከራዬ» አለችኝ፣
«ለናንዲ፤ ያ ፓምፑ እንቅልፍ ስለነሣኝ።»