ሦስት ጊደር

እኔ የመርከብ ሰው ነኝ፣ ሞተር ነው ትምህርቴ፣
ናፍጣ ነው ሽታዬ፣ ብሎን ነው ሀብቴ፤
ከብት የማውቀው በሩቅ፣ ከመርከቤ ወለል፣
በኦርክኒ ኮረብታ ጥቁር ነጥብ ሲመስል።

ልጄ ሜራን አሥራ አንድ የሞላት ሰሞን
ስትጎትት ውላ የጎረቤት ወይፈን፣
ጭቃ እንደ ለበሰች፣ ቦቲዋን ሳታወልቅ፣
«አባ፣ ላም እንግዛ» አለች፣
ጨው አቀብለኝ እንደሚል ሰው፣ ሳትስቅ።

«ላም አለን በሰማይ» አልኳት እየሳቅኩ፣
ወተቷም እንደማይታይ እያስታወስኩ።
ያለን መሬት ስድስት ሄክታር፣ ግማሹ ድንጋይ፣
የአክስቴ የቶራ ውርስ፣ ነፋስ የሚያርሰው ከባሕሩ በላይ።
እሷ ግን ደብተር ገልጣ ሂሳብ አስቀመጠች፣
አንድም ቁጥር ሳትስት እየደመረች፦
ድርቆሽ ይህን ያህል፣ አጥር ይህን ያህል፤
ከታች፣ በቀይ ቀለም፣ «የአባ ጀልባ» ይላል።

ጀልባዬን ሸጥኩ።

ሽማግሌው ክላውስተን እርሻውን ሲበትን
ሦስት ጥቋቁር ጊደር መርጠን ወሰድን።
«ስትመጣ አትያት፣ ስትሄድ ተመልከታት፤
ፊቷ ያታልላል፤ እውነቱ ከጀርባዋ፣ ከእግሯ አጥንት።
ቁጡ ከሆነች ተዋት፤ የምትይዛት ልጅ ናት።»
ለሜራንም ጎንበስ ብሎ ነገራት፦
«የምትበይውን ከብት ስም አታውጪለት።»

በመጋቢት በረዶ አንደኛዋ ወለደች፣
ወንድ። እናቱ ስትልሰው ልጄ ቆማ አየች።
ስም አላወጣችም። «ረቡዕ» ብቻ አለችው፤
ሽማግሌው ሊቆጣ ሲል፣
«የተወለደበት ቀን ነው እንጂ ስም አይደለም» ብላ አፉን አዘጋችው።

ከዚያማ ረቡዕ ቤታችንን ወረሰ፣
ሻምፖዬ አለቀ፣
የኢንጋ የፀጉር ማድረቂያ ጋጣ ገብቶ ጨሰ።
መጀመሪያ ሰሞን በገመድ ጎትቷት
ዳገቱን በሙሉ በደረቷ አሳረሳት።
ተነስታ «ቁም» አለችው። እንደገና «ቁም»።
በሁለተኛው ወር ቆመ፤ አራት እግሩ እኩል፣
እንደ ጠረጴዛ፤ ያ የኛ ነፋስ እንኳ አልነቀነቀውም።

በዓመቱ ነሐሴ፣ ትርኢት። ነጭ ጋውን ለብሳ
አሥራ ስድስት እጥፏን የሚመዝን እንስሳ
በአንድ ክንድ ገመድ ይዛ ገባች።
ዳኛዋ ዞረችው፣ ጀርባውን ዳበሰች፣
«ብትችዪ ምኑን ታርሚያለሽ?» ብላ ጠየቀች።
«ወገቡ ትንሽ ረዝሟል፤
ለእናቱ ሌላ ኮርማ እፈልጋለሁ» አለች።
ሦስተኛ ወጣች። ቢጫ ሪባን። ከአራት።
እኔማ አጥሩን ይዤ፣ ዓይኔ ውስጥ ብናኝ ገብቶበት።

ጨረታው በማግስቱ። ዋጋው ጥሩ ነበር፤
ሁለት ጊደር ይገዛል፣ ተርፎም ለአጥር።
ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣
እንዳትተወው ልጅ ሆነባት፤
ይህን ተረት ስሰማ የኖርኩ ሰው
ያን ቀን፣ በሚዛኑ በር፣ በሜራን ፊት አነበብኩት።
አላለቀሰችም።
ልባቡን አወለቀች፣ ገመዱን ጠቀለለች፣ ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ከብት ወደ ዋናው ምድር የሚያሻግረው የኔው መርከብ ነው፤
የሚነሳው ደግሞ ረቡዕ ማታ ነው።
ከወለሉ በታች፣ ከሞተሬ ጋራ
ሰማሁ ኮቴ ሲንጋጋ፣ ሲረግጥ በተራ፤
ማዕበል በመታን ቁጥር ሁሉም ይንሸራተታል፣
ብረቱን ይቧጥጣል፤
አንደኛው ጥግ ላይ ግን ዝም ይላል።
ቁም ተብሏላ።
የዘይቱን መለኪያ ማየት ትቼ
ወደ ላይ አንጋጥጬ ቆየሁ፣ እጄን ቧንቧው ላይ አንተርሼ።

ጠዋት ስመለስ ሜራን በረት ደጃፍ ነበረች።
«ባሕሩ እንዴት ነበር?» አለች።
«ለጥ ያለ» አልኳት።
ፊቴን አየችው፣ ረጅም ጊዜ።
ከዚያ ባልዲ አቀበለችኝ፦
«አዲሶቹ ሁለቱ ገና ውሃ አልጠጡም።»