ገመዱን ማን ይያዝ

ስሙን አልጠራውም። ሸጬዋለሁና የኔ አይደለም ዛሬ፤
የሰው ከብት ሆኗል፣ እንደተሸጠ በሬ።
አሸጣጡን ላውጋ እንጂ፣ እሱን ሳላነሳ፤
በያመቱ እየከፈልኩ ዐሥር ዓመት ያቆየሁት፣
ከፎቶኮፒዬ ሳንቲም እየቆነጠርኩ፣ ደሴ ላይ፣ ፒያሳ።

ዕቃ ነው እንዳልል፣ አይመዘን፣ አይዳሰስ፣ ጎተራ አይሞላ፤
ሁለት ቃል፣ አንድ ነጥብ፣ ከነጥቡም ኋላ
ሦስት የፈረንጅ ፊደል።

አንድ ጧት ስልክ ጮኸ። ከኮምቦልቻ ነው፣ አበጋዝ ሙህዬ፤
ሳያውቀኝ «ወንድሜ»፣ ደግሞም «ጌታዬ»።
«ለማካሮኒዬ ያ ስም ያስፈልገኛል፤ ዋጋውን ቁረጠው።»
ቆረጥኩት። አልጮኸም።
(ያልጮኸ ገዢ ነው ሻጭ የሚያስደነግጠው።)

«ቁልፉን ላክልኝና ብሩን ወዲያው ላስገባ።»
«ብሩን አስገባና ቁልፉን ወዲያው ልላክ።»
እሱም አልተሳሳተ፣ እኔም አልተሳሳትኩ።
መሃላችን ሐረጎ፣ ጠመዝማዛው፣ ጉሙ፤
ድምፅ ነው የሚሰማው፣ አይታይም ቀለሙ።

በሦስተኛው ቀን የደረሰኝ ፎቶ ላከ፤
ማኅተሙ ሰማያዊ፣ ፊርማው የተሽሞነሞነ።
ባንክ ሄድኩ። የለም። ዋሽቶ ነው አልልም፤
ኔትወርክ ይሆናል። ቢሆንም፣ ባይሆንም፣
የብር ፎቶ እራት አይበላም።

አባቴ ይመር የከብት ደላላ ነበር፤
ገበያ በዋለ ማታ የሚደጋግመው ነገር፦
«ገመዱን አትልቀቅ ብሩ እጅህ ሳይገባ፤
ገመድ የለቀቀ ነው ጅራት ይዞ የሚያነባ።»
አበጋዝም ግን አባት አለው። ያም አባት ነግሮታል፦
«ገመዱን ሳትጨብጥ ብር አትቁጠር፣ ልጄ።»
ሁለት የሞቱ አባቶች በስልካችን ሲከራከሩ
እኛ ዝም ብለን አደመጥን፤ ካርድ አለቀ።

ሌሊት ትዝ አለኝ፣ መብራት እንደሄደ፦
የማይተዋወቁ ሲገናኙ ከብት ተራ ላይ፣
በሬውን ሻጭ አልያዘ፣ ገዢም አልያዘ፤
ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ ነበረ፣
ገመዱን በክንዱ ጠምጥሞ፣
ብሩን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ፣
ለሁለቱም ፊቱን ሳያሳይ የሚቀመጥ።

«ጋሽ እርገጤ ይያዝ» አልኩት። ሠላሳ ዓመት ባንክ መስኮት
የሰው ብር የቆጠረ፣ አንዲት ያልጎደለችበት፤
(ከገዛ ልጁ ጋር በቤት ኪራይ ተካሷል፤
ለዚህ ነው የመረጥኩት።)

ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ ሹራቤን አውልቄ በክንዴ አንጠልጥዬ።
አበጋዝ አጭር ሰው ነው፤ በስልክ ረጅም ነበር።
ያ ብርም ተገለጠ፦ ከሒሳብ ቁጥሬ አንዷን ስቶ
ተመልሶለት ኖሯል፤ አፍሮ ነው ያልተናገረ።

በደብተር ጀርባ ጻፍን፦
ብሩ ሁሉ አስቀድሞ ጋሽ እርገጤ ዘንድ ይገባል።
«ገብቷል» ሲል፣ ከባንኩ መዝገብ አይቶ፣ ቁልፉ ይላካል።
ስሙ መዞሩን አበጋዝ በዓይኑ ሲያይ ለኔ ይለቀቃል።
«ዝም ብትልስ?» አልኩት። «እኔ? ዝም አልልም።»
ሰው ሲመቸው ነው ዝም የሚል፤ ይጻፍ፦
ሰባት ቀን ዝም ካለ፣ ዝምታው እሺታ ነው።
«ስሙ ባይዞርስ?» አለ በተራው።
ብሩ ሳይሸራረፍ ይመለስለት፤ እኔም ቁልፌን እቀይራለሁ።
የጋሽ እርገጤ ድካምስ? «ምን ድካም አለኝ!» አለና
መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ ተወው።
እኩል እኩል አዋጣን።

አምስት ቀን ፈጀ። በአምስቱም ቀን እንቅልፍ አልነበረኝም፤
የሱም እንዲሁ እንደነበር ኋላ ነገረኝ።
በስድስተኛው ጋሽ እርገጤ ደወለ፦
«ውሰድ ብርህን፤ ጋቢዬ ከበደኝ።»

ታኅሣሥ ሲገባ፣ ጦሳ በጉም እንደተሸፈነ፣
ስልኬ ቀጭ አለ፦ «የስምህን ዓመታዊ ክፈል።»
ማስታወሻውን ማጥፋት ረስቼ ኖሯል።
ልከፍል ኪሴን ዳበስኩ።